ቼዝ ስትለማመዱ ስሜታችሁንም መዝግቡ

ቼዝ የምትለማመዱ ከሆነ አንድ ቀላል ነገር ሞክሩ። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ ስትመዘግቡ በዚያች ቅጽበት የተሰማችሁን በአንድ ቃል ከጎኑ ጻፉ፦ «ፈራሁ»፣ «ተናደድሁ»፣ «ቸኮልሁ»፣ «ናቅሁት»። ይህ ለልምምድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ በይፋዊ ውድድር ወረቀቱ ላይ የግል ማስታወሻ መጻፍ አይፈቀድም።

ጨዋታው ሲያልቅ ስህተታችሁን እንዲነግራችሁ ወደ ኮምፒውተር አትሩጡ። መጀመሪያ የተሳሳታችሁበትን ቦታ ራሳችሁ ፈልጉና ከጎኑ ያለውን ቃል አንብቡ። እኔ ስህተቴ ሁሉ ከእውቀት ማነስ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቶቼን ሳገላብጥ ግን አብዛኛው የተፈጸመው አንድ ጠጠር በከንቱ ካስበላሁ በኋላ፣ የጠፋውን ቶሎ ለማስመለስ ስጣደፍ ሆኖ አገኘሁት። (አንድ ጊዜ ፈረሴን አስበልቼ በንዴት ንግሥቴንም አስከትያለሁ።) አሁን ጠጠር ሲበላብኝ እጄን ከሰሌዳው አርቄ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነውና፣ እጅ ከቀደመ ሐሳብ ቢመጣም አይጠቅምም።

ከዚያ ሰሌዳውን አዙሩ። በተጋጣሚያችሁ ወንበር ተቀምጣችሁ ለእሱ ወግናችሁ ተከራከሩ፦ እኔ እሱን ብሆን ምን እመርጥ ነበር? «ዕድል ቀንቶት አሸነፈኝ» ባላችሁበት ጨዋታ ይህን ማድረግ መራራ ነው። ብዙውን ጊዜ ዕቅዱ ገና ከብዙ እንቅስቃሴ በፊት ዓይናችሁ ሥር ተቀምጦ ነበር።

ያሸነፋችሁትንም ጨዋታ አትለፉት፤ ተጋጣሚያችሁ ሳያያት ያለፈችውን የእናንተን ስህተት ፈልጋችሁ እንደ ሽንፈቱ ሁሉ በቀይ አስምሩባት።