ፓራግላይዲንግ፦ ችግሩ አየር ላይ፣ ምክንያቱ መሬት ላይ

የፓራግላይዲንግ፣ ማለትም ከተራራ ተነስቶ በጨርቅ ክንፍ ያለ ሞተር የመብረር፣ አደጋ ሲወራ የሚነገረው የመጨረሻው ደቂቃ ነው። «ክንፉ ታጠፈ፣ ወደቀ» ይባላል፤ በቃ። ከዚህ የሚማር ሰው የለም። የሚጠቅመው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ከመታጠፉ በፊት ምን ነበር? ከዚያስ በፊት? ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው ፓይለቱ ገና መሬት ላይ ሳለ ነው።

ክንፉ በአንድ ጎን ታጥፎ ወደዚያው ይጠመዘዛል

ክንፉ ጨርቅ ነው፤ ቅርጹን የሚይዘው ውስጡ በገባው አየር ነው። የተረበሸ አየር ድንገት ከላይ ሲጫነው አንዱ ጎን ይረግባል። ነፋሱ ከወዲያ በኩል የሚመታው ተራራ ጀርባ ወይም የእኩለ ቀን ብርቱ ሙቀት ያለበት ቦታ ዋነኞቹ መነሻዎች ናቸው። «ዛሬ ነፋሱ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ በደንብ ሳይመለስ ተነስተዋል ማለት ነው።

የሚያስፈራው ግን መታጠፉ ብቻ አይደለም። ፓይለቱ ደንግጦ የደህናውን ጎን ፍሬን (የክንፉን የኋላ ጠርዝ ወደ ታች የሚስበውን የእጅ ገመድ) ጥርግ አድርጎ ይስባል። ያኔ ያም ጎን መብረሩን ያቆማል።

ስፒድ ባር (ክንፉን የሚያፈጥነውን የእግር ዘንግ) ረግጣችሁ ከሆነ ወዲያው ልቀቁ። የሰውነታችሁን ክብደት ወዳልታጠፈው ጎን አድርጉ። የዚያኑ ጎን ፍሬን አቅጣጫ እስክትይዙ ያህል ብቻ ሳብ አድርጉ። ከተራራው ራቁ። የታጠፈውን ጎን ፍሬን በረጅሙ ስቦ መልቀቅ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከዚህኛው ነው።

መሽከርከሩ ካልቆመ ወይም መሬቱ ከቀረበ መጠባበቂያ ፓራሹቱን ወርውሩ። «ትንሽ ልሞክር» አያዋጣም፤ ለመከፈት ጊዜና ከፍታ ይፈልጋል። የአውሮፓው መስፈርት ለመጠባበቂያ ፓራሹት የሚፈቅደው የመውረጃ ፍጥነት ቢበዛ በሰከንድ 5.5 ሜትር ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል ግድግዳ ላይ እንደ መዝለል ማለት ነው። ቁርጭምጭሚት ሊሰበር ይችላል፤ የሚተርፈው ግን ሰውየው ነው። በየበረራው አንዴ እጀታውን በእጃችሁ ዳብሱ፤ በጭንቅ ሰዓት ዓይን ፈልጎ አያገኘውም።

ተነስተው መቀመጥ አልቻሉም፣ መታጠቂያው ብብት ስር ገብቷል

የእግር ማሰሪያው አልተቆለፈም። ሰው ታጥቆ ነፋስ ሲጠብቅ ይሰላቻል፣ ጃኬት ሊደርብ ይፈታል፣ ከዚያ ደረቱን ብቻ ይቆልፋል። አንዴ ከፈታችሁ ማረጋገጡን ከዜሮ ጀምሩ፦ ራስ ቁር፣ እግር፣ ደረት፣ ገመድ፣ ነፋስ። ስትሮጡ የሆነ ነገር ከጎደለ እግራችሁ መሬት ሳይለቅ አቁሙ። ሰው እያየኝ ነው ብሎ መነሳት ደግሞ የባሰ ነው።

ሳይዞሩ ከፍ ከፍ እያሉ ነው፣ ደመናውም እየጠቆረ

ከፍ ለማለት ብዙ ጊዜ ወደ ላይ በሚወጣ ሞቃት አየር ውስጥ መዞር ያስፈልጋል፤ ሳይዞሩ መውጣት ደስ ይላል፣ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። እየገዘፈ ያለ የነጎድጓድ ደመና አየሩን ወደ ላይ ይስባል። በየካቲት 2007 (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ ማኒላ ከተማ አቅራቢያ፣ ጀርመናዊቷ ኤቫ ቪሽኒየርስካ እንዲህ ተስባ 9,946 ሜትር ደረሰች። ከግማሽ ሰዓት በላይ ራሷን ስታ፣ በረዶ ለብሳ፣ ነቅታ አረፈች። በዚያው ማዕበል የገባ ቻይናዊ ፓይለት ግን ሞተ። ሁለቱም ልምድ ያላቸው ነበሩ። ስለዚህ መፍትሄው ችሎታ ሳይሆን ሰዓት ነው፦ ደመናው ወደ ላይ ሲረዝም ካያችሁ፣ ከስሩ ገና ብዙ ርቀት ሳላችሁ ወደ ጠርዙ ውጡ። የክንፉን ሁለት ዳር አጥፎ ስፒድ ባር መርገጥ ይረዳል፤ ዘግይቶ ከሆነ ግን ደመናው ያሸንፋል።

ሲያርፉ ከለመዱት በላይ ይፈጥናሉ

ወይ ነፋሱን ከኋላ አድርጋችኋል፣ ወይ ከፍታው ነው። አየሩ ስስ ሲሆን ክንፉ ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። በኬንያው ኢቴን ከፍታ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ፣ ፍጥነቱ ከባሕር ወለል በ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። አዲስ አበባም ያው ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ይብሳል። ለመነሳትም ለማረፍም ረዘም ያለ ሜዳ ምረጡ፣ ነፋሱን በባንዲራ ወይም በጭስ አይታችሁ ፊት ለፊት ግቡ፣ ፍሬኑን መሬት አጠገብ ሳትደርሱ አትጨርሱት።