ትንሽ የግሪክ ደሴት ላይ ለማረፍ ስታስቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሰው ብዙ የሚሳሳተው በመመለሻው ቀን ነው። ጠዋት ከደሴቱ በመርከብ ተነስቶ ማታ ከአቴንስ ለመብረር ትኬት ይቆርጣል። በሐምሌና በነሐሴ ግን በኤጂያን ባሕር ላይ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመና የሚባል ነገር የለም። መንገደኛው ምንም ሳይጠረጥር ሻንጣውን እየጎተተ ወደብ ሲወርድ መርከብ እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሎ ያገኘዋል። ቀድመው የሚቆሙት ትንንሾቹ ፈጣን ጀልባዎች ናቸው፤ መኪና የሚጭኑት ትልልቆቹ ነፋሱን የተሻለ ይችሉታል። ስለዚህ የመጨረሻውን ሌሊት አቴንስ ወይም የአቴንስ ወደብ በሆነችው ፒሬየስ እደሩ። ከፒሬየስ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሜትሮ ሳትቀይሩ በአንድ ሰዓት ገደማ ትደርሳላችሁ።

ሌላው በአንድ ሳምንት አራት ደሴት ለማዳረስ መሮጥ ነው። ደሴት በቀየራችሁ ቁጥር አንድ ቀን ይበላል፤ ጠዋት ክፍል መልቀቅ፣ ወደብ ላይ ፀሐይ መሞቅ፣ የዘገየ መርከብ መጠበቅ፣ ማታ አዲስ ማረፊያ ፍለጋ። አንድ ደሴት ይበቃል። ሳንቶሪኒ ባይሆን ግን እመርጣለሁ፤ በአውሮፓ በጋ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች ሕዝብ ያራግፉበታል።

ኩፎኒሲን የመሰለች ከትልቋ የናክሶስ ደሴት አጠገብ ያለች ትንሽ ደሴት ከመረጣችሁ ደግሞ መኪና አትከራዩ። ከመንደሩ ተነስታችሁ ባሕሩን ይዛችሁ ፖሪ እስከሚባለው የባሕር ዳርቻ በእግር ትሄዳላችሁ፣ መንገድ ላይ ደስ ያላችሁ ቦታ ገብታችሁ ትዋኛላችሁ። ሃይድራ የምትባለው ደሴት ላይማ መኪና ክልክል ነው፤ ዕቃ የሚጫነው በበቅሎ ነው።

ቀኑንም አስቡበት። ኦገስት 15 ለግሪኮች የእመቤታችን ታላቅ በዓል ነው፤ እኛ ጋ ፍልሰታ ሳይፈታ እነሱ ያከብራሉ፣ የአቴንስ ሰው ወደ ደሴቶቹ ይጎርፋል። ክፍልም የመርከብ ቦታም ቀድሞ ያልቃል። ከጳጉሜን እስከ መስከረም አጋማሽ ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፣ ሰውም ይቀንሳል።

ጀርመን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ለአጭር ቆይታ ሌላ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፤ ፈቃዱን ብቻ ይዛችሁ ፓስፖርቱን ቤት እንዳትረሱ። ጥሬ ዩሮ ያዙ። የቧንቧ ውኃው ይጠጣ እንደሆነ ባለቤቶቹን ጠይቁ። የመጸዳጃ ወረቀት ቅርጫት ውስጥ እንጂ መቀመጫው ውስጥ አይጣልም፤ ቱቦው ጠባብ ነው፣ ይደፈናል።