በሶብላና ኮሰረት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ዙሪያ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳምና ሮዝመሪ የሚተክለው ሰው እየበዛ ነው፤ ደስ ይላል። ግን በየጓሮው የማየው ስህተት ያው ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የእምቦጩ ነገር ነው። ከጣና ያወጣችሁትን እርጥብ እምቦጭ እንዳለ መደብ ላይ አታልብሱ፣ በተለይ አበባ ካወጣ በኋላ! ዘሩ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። በሶብላው መሃል ባይበቅል እንኳ ክረምት ሲገባ ጎርፉ በቦዩ አድርጎ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። ስንት ገበሬ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ወገቡ እስኪቆረጥ በእጁ የነቀለውን አረም! ወይ ሳያብብ አውጡት፣ ወይ በደንብ አብላሉት። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ብቻውን ከከመራችሁት ይሸታል እንጂ አይግልም። መጀመሪያ ይጠውልግ፣ ከዚያ ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር እያፈራረቃችሁ ከምሩት። ክምሩ መሃል ዱላ ሰክታችሁ ከጥቂት ቀን በኋላ ስትመዙት እጅ የሚፈጅ ከሆነ እየሠራ ነው። ያኔ ገልብጡት፤ ዘሩን የሚገድለው ሙቀቱ ስለሆነ ዳር የነበረው ወደ መሃል መግባት አለበት። የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት አጠገብ የተነቀለውን ግን ለሚበላ ቅጠል ጭራሽ አትጠቀሙበት፤ ሥሩ ከባድ ብረቶችን ይሰበስባል።

ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል። በቃ፣ አታድርጉት።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ ተብሎ ወዲያው ዩሪያ መድፋትም አለ። ቀስ በሉ፣ መጀመሪያ የትኛው ቅጠል እንደሆነ እዩ። ከታች ያለው አሮጌው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ጫፍ ላይ ያለው ለጋው ገርጥቶ ደም ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ግን ያጠረው ብረት ነው፤ ዩሪያ አይፈታውም። ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ሽታው ይሳሳል። ገበያ ላይ እናቶች በጣታቸው አሽተው አሽትተው ነው የሚገዙት።

አመድ መራዊ በኩል ባለው አሲዳማ ቀይ አፈር ላይ ይጠቅማል። አሲድ ያልሆነ መሬት ላይ ከተበተነ ግን ብረቱንና ዚንኩን ተክሉ እንዳያገኘው ቆልፎ ይይዛል። ስለዚህ አፈሩን አስመርምሩ፤ ጎረቤት ስላደረገው ብቻ አታድርጉ።

ቦሮን የሚባለውን ንጥረ ነገር በእፍኝ የምትበትኑ ሰዎች፣ እባካችሁ! ተክሉ የሚፈልገው እጅግ ጥቂት ነው፤ ትንሽ ካለፈ መርዝ ይሆንበታል። ኤንፒኤስቢ የሚባለውን ማዳበሪያ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ድኝና ቦሮን ያለበትን) ከተጠቀማችሁ ቦሮን ቀድሞ ገብቷል።

ዚንክ ሲያጥር የሚሰጠው ዚንክ ሰልፌት በቅጠል ላይ ሲረጭ በ1 ሊትር ውሃ ከ2 እስከ 3 ግራም ይበቃል። በእኩለ ቀን ፀሐይ አትርጩ፣ ቅጠሉ ይለበለባል። አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ፣ ንፋሱ ጋብ ሲል አድርጉት።