መብራት ሲመጣ የሚጮህ አላርም፦ የጋራዥና የግቢ ወርክሾፕ የካርቦን ሞኖክሳይድ ችግሮች

ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ፣ የግቢ ጋራዣቸውን ወርክሾፕ ያደረጉ ሰዎች የሚያሰሙኝ ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። «የገዛሁት አላርም ተበላሽቷል» ይላሉ፤ ከጄኔሬተርና ከከሰል የሚወጣውን ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የሚያሳውቀውን ማለታቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ወይ የተገዛው ሌላ ዕቃ ነው፣ ወይ አላርሙ የሚነግራቸውን አልሰሙትም።

ጄኔሬተር እየሠራ ዝም ይላል

ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። የጭስ አላርም ካርቦን ሞኖክሳይድን አያውቅም። የቡታጋዝ አላርምም አያውቅም። ሱቅ ውስጥ ግን ሁሉም ነጭ ሆነው አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሻጩም «ሁሉንም ይይዛል» ይላል። አትመኑት። ኢኤን 50291 (EN 50291) ወይም ዩኤል 2034 (UL 2034) የሚል የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ደረጃ ካልተጻፈበት፣ ጋዙን የሚለየው ሴንሰሩም ኤሌክትሮኬሚካል (electrochemical) የሚባለው ዓይነት ካልሆነ ተዉት። የመሞከሪያ ቁልፉን ተጭናችሁ ስለጮኸም አትርኩ። ቁልፉ ድምፁንና ባትሪውን እንጂ ሴንሰሩን አይፈትንም።

ቁጥሩ 60 እያሳየ አይጮህም

ይህ ብልሽት አይደለም። በዩኤል 2034 የተሠራ አላርም በ70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን) ለመጮህ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ይወስድበታል። በ400 ግን ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጮህ አለበት። ለዚህ ነው ቁጥር የሚያሳየውን ግዙ የምለው። እኔ 30 ካለፈ ሞተር አስጠፋለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ባለካርቡሬተር ጄኔሬተር ነዳጅ ይበዛበታል፣ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ይጨምራል። በሩ ተከፍቶም ቢሆን ጄኔሬተር ጋራዥ ውስጥ አይነሳም።

የሚነድ ነገር ሳይኖር ይጮሃል

ደጋግሜ የማገኘው ይህንን ነው። ካዛንቺስ የቤት ዕቃ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጠሩኝ። «ልጄ፣ መብራት በመጣ ቁጥር ይጮሃል። ኃይል በዝቶበት ነው መሰለኝ» አሉኝ። ባትሪውን አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ከተውታል። ሞተር የለም፣ ከሰል የለም። ባትሪውን መልሼ ስከትበት 85 አሳየ። ጓሮ ይዤው ወጣሁ፤ ትንሽ ቆይቶ 0 ሆነ። መልሼ ሳስገባው ቁጥሩ እንደገና ወጣ።

«ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ በምንድን ነው የሚሠሩት?» አልኳቸው። ጠረጴዛው ሥር ያለውን ጨርቅ ገለጡልኝ። ሁለት የመኪና ባትሪዎች ከኢንቨርተር፣ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ከሚቀይረው ዕቃ፣ ጋር ተያይዘዋል፤ አሲዱ ይፈላል።

የአሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ይለቃል። ሴንሰሩ ደግሞ ሃይድሮጅንን እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቆጥረዋል። ባትሪው ሞልቶም የማያቋርጥ ርካሽ ቻርጀር ሲሆን ይብሳል። እንዲህ ያለ ቻርጀር የሚሸጥ ሰው ያናድደኛል፤ ባትሪም ይገድላል፣ ቤትም ያቃጥላል። ሃይድሮጅን ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ መቀጣጠል ይችላል። ባትሪ ቻርጅ በሚደረግበት ክፍል ብየዳም ግራይንደርም አይነካም።

መፍትሄው፦ ባትሪዎቹን ዝናብ ወደማይደርስበት በረንዳ አውጡ። ሲሞላ ራሱ የሚያቋርጥ ቻርጀር ግዙ። የተነፋ ወይም የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ባትሪ ይወገድ። አላርሙን ግን አታጥፉት።

ይህን ስላወቅሁ አንዴ ተሳስቻለሁ። አራት ኪሎ ያለ አንድ ደንበኛ ደውሎ ተመሳሳይ ነገር ነገረኝ። ባትሪም አለው። «ባትሪው ነው» አልኩት በስልክ። ማታ ረዳቱ ራሱን ይዞ፣ እያቅለሸለሸው ወጣ። ሄጄ ሳይ ቻርጀሩ አልተሰካም። የጎረቤት ጄኔሬተር ጭስ ማውጫ ወደ ቆርቆሮ አጥሩ ዞሯል፤ ጭሱ በጣሪያና በግድግዳው ክፍተት ይገባል። ልጁ ተርፏል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በስልክ አልፈርድም።

መብራት ሲመጣ የሚጮህ ከሆነ ባትሪ ጠርጥሩ። መብራት ሲጠፋ ከሆነ ጄኔሬተር፣ የራሳችሁን ወይም የጎረቤትን። ይህ ግን ሁሉም ሰው ወጥቶ፣ በር ተከፍቶ፣ ደጅ ቆማችሁ የምታስቡት ነው። ራሱን ያመመው ወይም የሚያዞረው ሰው ካለ 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 939 (እሳትና ድንገተኛ አደጋ) ደውሉ።

ሌሎቹ

በየተወሰነ ጊዜ አንዴ «ጢጥ» የሚል ከሆነ ወይ ባትሪው አልቋል ወይ ዕድሜው። ጀርባው ላይ የተመረተበት ቀን አለ፤ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግሉት። በመንገድ ላይ የሚሸጥ «አዲስ» ዕቃ ግማሹን ዕድሜ ጨርሶ ሊመጣ ይችላል።

ቀለም ስትነፉ፣ ቲነር ወይም ሲሊኮን ስትጠቀሙ ሴንሰሩ ይጎዳል። አውጡት፣ ክፍሉ ሲናፈስ መልሱት። በዚያ መሃል ሞተር አይነሳም፣ ከሰል አይቀጣጠል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ክብደት ስላለው ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። አላርሙን በምትተነፍሱበት ቁመት ስቀሉት፤ በር አፍ ወይም ጭስ ማውጫ አጠገብ አይሁን። ጋራዡን ተደግፎ በተሠራ ሰርቪስ ቤት ሰው የሚተኛ ከሆነ ሁለተኛ አላርም ለዚያ ክፍል ግዙ፣ ራስጌው አጠገብ ስቀሉት። ክረምት ላይ የከሰል ምድጃ ይዞ የሚገባ ዘበኛ ካላችሁ ደግሞ የመጀመሪያው እዚያ ይሁን፣ ለእሱም ወፍራም ብርድ ልብስ ግዙለት።