የእህል ሒሳብን በተርሚናል ሰንጠረዥ መያዝ

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ የገብስና የባቄላ ሒሳብ ለምትይዙ፣ ያረጀ ላፕቶፕ ይበቃችኋል። ኤስሲ-አይኤም ያለ መስኮት፣ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ገጽ) ብቻ የሚሠራ ሰንጠረዥ ነው። ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ብንጽፋቸውም ስትተይቡ በላቲን ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ ትእዛዝ አይሰማም፤ «ተበላሸ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ረድፍ ከ0 ይጀምራል። በቀስት እየተንቀሳቀሳችሁ ርእሶቹን በ0 ረድፍ ጻፉ፦ < ተጭናችሁ ጽሑፉን፣ ከዚያ ኢንተር። ለቁጥር ግን = ይቅደም። ለምሳሌ ኤ1 (ዓምድ ኤ፣ ረድፍ 1) ላይ ገብስ፣ ቢ1 ላይ 12 (ኩንታሉ)፣ ሲ1 ላይ 6000 (የአንዱ ኩንታል ዋጋ በብር)። ዲ1 ላይ = ብላችሁ ቢ1*ሲ1 ስትጽፉ 72000.00 ይወጣል። ባቄላውን (5 ኩንታል በ9000) ረድፍ 2 ላይ እንዲሁ። ድምሩን ዲ3 ላይ በ= ከፍታችሁ @ሰም(ዲ1:ዲ2) በሉ፤ 117000.00 ይሰጣል። @ ከተረሳ ቀመሩ አይሠራም።

የዓምዱ ስፋት 10 ሆሄ ነው፣ ከነጥብ በኋላም 2 አሃዝ ይታያል። ስለዚህ 10 ሚሊዮን ላይ ዓምዱ ለቁጥሩ አይበቃውም፤ በቦታው ኮከቦች ይደረደራሉ። ሒሳቡ አልጠፋም። ኤፍ ከዚያ > ተጫኑ፣ ዓምዱ ይሰፋል።

ለማስቀመጥ : ቀጥሎ ደብሊው፣ ባዶ ቦታ፣ የፋይሉ ስም። መብራት ድንገት ስለሚሄድ በየጥቂት ረድፉ አስቀምጡ፤ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ጊዜ አይሰጥም። ለመውጣት : እና ኪው። ያልተቀመጠ ለውጥ ካለ እንቢ ይላል፤ ! ጨምሮ ማስገደድ ይቻላል፣ ግን የጻፋችሁት ይሄዳል። የተሳሳተ ነገር ከነካችሁ ዩ ይመልሰዋል።