የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖችን ገና በሦስተኛው ሳምንት ስትደረድሩ የሚሠሩ ስህተቶች

መጀመሪያ የሚያናድደውን እናውጣው፦ ያለፈውን ሳምንት ዝርዝር አንሥቶ ማንሸራተት። የተሸነፈው ስምንት ደረጃ ይወርዳል፣ ከሥሩ የነበሩት ምንም ሳይሠሩ አንድ አንድ ከፍ ይላሉ። ልክ የታክሲ ሰልፍ፤ ከፊት ያለው ሲሳፈር የኋላው ይጠጋል። የኋላው ግን ምን አደረገ? አንዳንዱማ በዚያ ሳምንት ጨዋታም አልነበረው። እንዲህ እየተንሸራተተ የሚመጣ ዝርዝር እስከ ኦክቶበር ድረስ የሚያሳየው ወቅቱ ሳይጀመር በኦገስት የተገመተውን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ግምቱን ጣሉት ማለት ግን አይደለም። መደበኛው ወቅት 12 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ውጤት የዓመታት ምልመላንና አምና የታየውን ችሎታ መሰረዝ የባሰ ነው። ከኦገስት ይዛችሁ የምትመጡት ደረጃውን ሳይሆን ነጥቡን ይሁን። ለእያንዳንዱ ቡድን «ከመካከለኛ ቡድን ጋር በገለልተኛ ሜዳ ቢገናኝ በስንት ነጥብ ያሸንፋል?» ብላችሁ ቁጥር ስጡት። ያንን ቁጥር እንደ 6 ጨዋታ ቁጠሩት። (ስድስት ሕግ አይደለም፤ 5ም 7ም ያስኬዳል።) ከዚያ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የነጥብ ልዩነቱን ያዙ፣ የተጋጣሚውን ቁጥር ደምሩበት፣ በሜዳው ከተጫወተ 3 ቀንሱ፣ ከሜዳው ውጭ ከሆነ 3 ደምሩ። የጨዋታው ዋጋ ይህ ነው፤ ከግምቱ ጋር አማክሉት።

እ.ኤ.አ. በ2025 የመጀመሪያ ሳምንት የሆነውን እንውሰድ። 8ኛ የነበረው አላባማ ወደ ተጋጣሚው ሜዳ ታላሃሲ ሄዶ በፍሎሪዳ ስቴት 31 ለ 17 ተሸነፈ። የአሶሼትድ ፕሬስ መራጮች (በየሳምንቱ 25 ቡድኖችን በድምፅ የሚደረድሩ ጋዜጠኞች) አላባማን ወደ 21ኛ ጣሉት፣ ደረጃ ያልነበረውን ፍሎሪዳ ስቴትን 14ኛ አደረጉት። በእኛ ስሌትስ? ለምሳሌ ያህል አላባማን በ22፣ ፍሎሪዳ ስቴትን በ9 ጀምረን ቢሆን፣ የአላባማ ጨዋታ ዋጋ −14+9+3፣ ማለትም −2 ነው፤ አዲሱ ቁጥር (22×6−2)÷7 = 18.6። የፍሎሪዳ ስቴት ደግሞ 14+22−3 = 33፤ አዲሱ ቁጥር (9×6+33)÷7 = 12.4። ልዩነቱ ከ13 ወደ 6 ጠበበ እንጂ አልተገለበጠም። ወቅቱ ሲያልቅ ፍሎሪዳ ስቴት 5 አሸንፎ 7 ተሸንፎ ነበር፤ አላባማ ደግሞ 12 ቡድኖች ከሚገቡበት የዋንጫ ማጣሪያ ውስጥ ገባ።

«ሜዳ ላይ አሸንፎት እንዴት ከበታቹ ይሆናል?» የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ማን ይበልጣል እና ማን ይገባዋል የተለያዩ ዝርዝሮች ናቸው፤ አንዱን መርጣችሁ ከላይ ጻፉት። ይገባዋል የምትሉ ከሆነ አሸናፊውን አስቀድሙ፣ ግምቱንም ሙሉ በሙሉ አውጡት። ሁለቱን መቀላቀል በ2023 መጨረሻ ምን ጭቅጭቅ እንዳስነሣ የሚያስታውስ ያስታውሳል፦ 13 ጨዋታ ሁሉንም ያሸነፈው ፍሎሪዳ ስቴት ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች) ተጎድቶበት ስለነበር ያኔ ወደ ማጣሪያው ከሚገቡት ከአራቱ ውጭ ቀረ፣ አንድ ጊዜ የተሸነፈው አላባማ ገባ።

የአሸናፊነት ሰንሰለትም አትሥሩ። በ2024 ሰሜናዊ ኢሊኖይ 5ኛ የነበረውን ኖትረ ዳምን በገዛ ሜዳው 16 ለ 14 አሸነፈ፤ በቀጣዩ ጨዋታው በቡፋሎ ተሸነፈ። ታዲያ ቡፋሎ ከኖትረ ዳም ይበልጣል? ኖትረ ዳም በሳምንቱ ፐርድዩን 66 ለ 7 ረትቶ እስከ ፍጻሜው ዘለቀ።

ሰፊ ውጤት ያሳስታል። ከ28 በላይ የሆነውን ልዩነት 28 አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ከዚያ በላይ ያለው የተቀያሪዎች ሥራ ነው። ጠባብ ውጤት ላይ ደግሞ የተነጠቁ ኳሶችን ቁጠሩ። የአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ሾጣጣ ነው፤ ከእጅ አምልጦ ሲንከባለል ማን እንደሚያነሣው ከሞላ ጎደል የዕጣ ጉዳይ ነው፣ አንዱም ከ4 እስከ 5 ነጥብ ያህል ዋጋ አለው። ሦስት የወደቁ ኳሶችን ሁሉ አንሥቶ በ10 ነጥብ ያሸነፈ ቡድን በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ዕድል ይዞ አይመጣም። ይልቅ ጠቅላላ ያርዱን በሙከራዎች ብዛት አካፍሉና ተጋጣሚው ካገኘው ጋር አስተያዩ፤ ያ ቁጥር ከውጤት ሰሌዳው ቶሎ ይረጋጋል።

ከኤፍሲኤስ (ከዝቅተኛው እርከን) ቡድን ጋር የተደረገ ጨዋታ? ካሸነፈ ከስሌቱ አውጡት። ከተሸነፈ አስገቡት፣ ግን አትደንብሩ። በ2007 5ኛ የነበረው ሚሺጋን በአፓላቺያን ስቴት 34 ለ 32 ሲሸነፍ መራጮች ከ25ቱ ጨርሰው አስወጡት። ያሸነፈው ቡድን ግን የኤፍሲኤስን ዋንጫ ሁለት ዓመት በተከታታይ የወሰደ ነበር፤ ሚሺጋንም ወቅቱን ፍሎሪዳን 41 ለ 35 አሸንፎ ጨረሰ።

ከአምና የቀሩ ተሰላፊዎችን በጭንቅላት ብቻ አትቁጠሩ። ኳርተርባኩና አምስቱ የማጥቃት መስመር ተጫዋቾች ከቀሩት በላይ ይመዝናሉ፤ በዝውውር የመጡትንም ካልጨመራችሁ ቁጥሩ ውሸት ነው።

17ኛ ከ19ኛ ይሻላል ብሎ መሟገት ጊዜ ማባከን ነው። የአንድ ነጥብ ልዩነት በዚህ ወቅት ምንም አይደለም፤ በእርከን በእርከን ክፈሏቸው፣ ክፍተት ካለበት ቦታ ላይ መስመር አስምሩ።

ያልተጫወተ ቡድን ቁጥሩ አይነካም። ያሸነፋቸውና የተሸነፈላቸው ሲጫወቱ ግን የእርሱ የቀድሞ ጨዋታዎች ዋጋ ይለወጣል፤ ስለዚህ በየእሑዱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ እንደገና አስሉ። ከስድስተኛው ጨዋታ በኋላ ግምቱና ውጤቱ እኩል ይመዝናሉ። የማጣሪያው ኮሚቴ እንኳ የመጀመሪያ ዝርዝሩን የሚያወጣው ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል ወይም ኖቬምበር ሲገባ ነው።