ውድቅ የሆነው የሒሳብ ትምህርት ጥናት ማመልከቻዬ እንዴት ተስተካከለ

የ9ኛ ክፍል የአልጀብራ ትምህርትን ለማሻሻል ያቀረብኩት የምርምር ድጋፍ ማመልከቻ በመጀመሪያው ዙር ውድቅ ሲደረግ፣ ገምጋሚዎቹ የነቀፉት ሐሳቡን ሳይሆን የናሙናውን ስሌት ነበር፤ ትክክልም ነበሩ። ከ10 ክፍሎች 40፣ 40 ተማሪዎች ወስጄ 400ውንም አንዱ ከሌላው ጋር እንደማይገናኝ አድርጌ ቆጥሬአቸው ነበር፤ በአንድ መምህር ሥር የሚማሩ ልጆች ውጤት ግን ይቀራረባል። ከ0 (ምንም አለመቀራረብ) እስከ 1 (ፍጹም መመሳሰል) የሚለካውን የመቀራረቡን መጠን 0.2 ብለን ብንወስድ፣ የናሙናው ማካፈያ፣ ማለትም የተማሪዎቹ ብዛት የሚካፈልበት ቁጥር፣ 1 + (40 − 1) × 0.2 = 8.8 ስለሚሆን፣ 400 ተማሪዎች የሚሰጡት መረጃ እርስ በርስ ከማይገናኙ 45 ያህል ተማሪዎች መረጃ አይበልጥም።

ስለዚህ ከ40 ትምህርት ቤቶች ከእያንዳንዳቸው አንድ ክፍል፣ ከየክፍሉም 10 ተማሪዎች ብቻ እንዲፈተኑ አደረግሁ፤ ማካፈያው ወደ 2.8 ወርዶ፣ እነዚያው 400 ተማሪዎች የ143 ያህል ክብደት አገኙ። የጉዞ ወጪው ቢጨምርም፣ ምክንያቱን በበጀት ማብራሪያው ውስጥ ከነስሌቱ በማስፈሬ ማመልከቻው በሁለተኛው ዙር ጸደቀ።